ስብ ነው አሉኝ

ሰዓት ሠሪው ሊሞት መሆኑን የሰማው ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ፊቱን በሳሙና አልብሶ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ሥር ጎንበስ እንዳለ ነው። የወጥ ቤቱ መስኮት ልክ ከቧንቧው አናት ላይ ነው። መስተዋቱ ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በካርቶን ተደፍኗል፤ ካርቶን ደግሞ ነፋስ ይከለክል እንደሆነ እንጂ ወሬ አይከለክልም። ውስጥ የእህቱ ባል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ሰውየው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ከሞተር በላይ ሲጮህ ስለኖረ፣ ዝቅ አደረግኩት የሚለው ድምፁ የሌላው ሰው መደበኛ ድምፅ ነው። «እኔ አልቸኩልም» ይላል። «ሐኪሟ ያለችሽን ከነገርሽኝ ወዲህ እንኳን ውጣ ልለው፣ ፊቱን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ምስኪን! የቀረችውን ጊዜ እዚያው ክፍሉ ውስጥ በሰላም ይረፍ። ክፍሉ የት ይሄዳል? ከዚያ በኋላ እንደርስበታለን።» እህቱ ሰሃን ስታጥብ ቆየችና «ብቻ እሱ እንዳይሰማ» አለች።

እሱ ግን ሰምቷል። ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሲያቃጥለው እንኳ ልብ አላለውም። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ጉልበቱ ይከዳዋል ይባላል፤ እሱ ፊቱን ሦስት ጊዜ ታጠበ፣ በሦስተኛው ላይ ውኃው ቀዝቃዛ መሆኑ ታወቀው። ለካስ ነገሩ ይኼ ነው! ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ቤቱ ጠባዩን የለወጠው ለካስ በደህና አይደለም። ለባልየው ብቻ ይጠበስ የነበረው እንቁላል ረቡዕ ጠዋት ድንገት ወደ እሱ ሰሃን መጣ። ሽንት ቤት ትንሽ ሲቆይ በሩን በቡጢ ይደበድብ የነበረው አማቹ፣ አሁን ውጭ ቆሞ «ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ማን አስቸኮለዎት!» ይለዋል፤ ያውም ጮክ ብሎ፣ የታመመው ዓይኑ ሳይሆን ጆሮው ይመስል። ሐሙስ ዕለት ጭራሽ ጫማውን ተወልውሎ አገኘው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነውና «መቼም ሰው ይለወጣል» ብሎ ሆዱ ራርቶ ነበር። የዋህ!

ዓይኑ ላይ የወጣችው ነገር የባቄላ ፍሬ ብታህል ነው። በቀኝ ዓይኑ፣ በጆሮው በኩል ባለው ጥግ፣ ከነጩ ሥር ቢጫ ሆና ቁጭ ብላለች። ወደ አፍንጫው ሲመለከት ብቅ ትላለች፤ ቀጥ ብሎ ሲያይ ሸሸግ ትላለች። አታምም፣ አታሳክክም፣ የሚያየውንም አትጋርደውም። ከሁለት ሳምንት በፊት መጀመሪያ ያየችበት እህቱ ናት። ያን ሰሞን ቤቱ በሌላ ጉዳይ ተወጥሮ ነበር። አማቹ የመንገድ ሕግ ትምህርት እቤቱ ለማስተማር አስቦ፣ ለዚያ የሚሆን ክፍል ቢፈልግ ቢፈልግ ያገኘው አንድ ብቻ ነው፤ የራሱ በር ቀጥታ ወደ መንገድ የሚያወጣው፣ ሰዓት ሠሪው ዘጠኝ ዓመት የኖረበት። ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ የመሥሪያ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ እኩል የማይቆጥሩ አሥራ አንድ ሰዓቶች። ከዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ በሩን ዘግቶ «የኔ» የሚላት ያቺን ብቻ ነው። አማቹ «እስከ ወሩ መጨረሻ ሌላ ቦታ ቢፈልጉ፣ እኔም አፈላልግልዎታለሁ» ብሎት ነበር፤ በትህትና። በትህትና የመጣን ነገር እንቢ ማለት ደግሞ ያስቸግራል። በስልሳ ሁለት ዓመቱ ከተማው ጫፍ ሄዶ ከማያውቀው ሰው ጋር ደባል ሊሆን! ይህን እያሰበ ስንት ሌሊት ሲገላበጥ አደረ።

ከዚያ የዓይኑ ነገር መጣና ወሬው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። ሐኪሟ ሲቲ ስካን እንዲነሳ አዘዘች፤ ተነሳ፤ ማክሰኞ ውጤት ነበር። «አንተ ሥራህን አትፍታ፣ እኔ እቀበልልሃለሁ» ብላ እህቱ ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «መሣሪያው ተበላሽቶ ውጤቱ አልደረሰም፤ ሲደርስ ይደውላሉ» አለችው። ዓይንሽ ምን ሆነ ቢላት አቧራ ነው አለች። እሱም አመነ። የማሽን መበላሸት ለሰዓት ሠሪ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቁርስ ላይ አንድም ነገር አልተነፈሰም። ይኼ ለእሱ ቀላል ሥራ አይደለም። ሰዓት ሠሪው በጠቅላላው ሰፈር የሚታወቀው ሁለት ነገር ባለማወቅ ነው፤ ማበደር አያውቅም፣ መዋሸት አያውቅም። ሰው ከአያቱ የወረሰውን ሰዓት እንደ ንዋየ ቅድሳት በመሐረብ ጠቅልሎ ሲያመጣለት፣ ከፍቶ አይቶ «ይኼ ሰዓት ሞቷል፤ ልጆችህን መጫወቻ አድርግላቸው» ብሎ ይመልሳል። ዛሬ ግን አፉን ገጥሞ እንቁላሉን በላ። ሟችም ቢሆን ተርቧል። እህቱ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ዳቦ ትቆርስለታለች፣ ሻይ ትጨምርለታለች፣ ፊቱን ግን አታይም። አማቹ «ጨው ልጨምርልዎ?» ብሎ ጮኸ። ሦስቱም የሚያውቁትን ነገር ሦስቱም ሳይናገሩ ሻዩ አለቀ። «ሥራ ልሂድ» ብሎ ተነሳ። የሄደው ግን ወደ ሥራው አይደለም። እንኳንስ የራሱን ሞት፣ የሰው ሰዓት ሞት እንኳ ከሌላ አፍ ሰምቶ አያምንም።

የዓይን ክሊኒኩ መድኃኒት ቤት አናት ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ግድግዳው ጋ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ እላዩ ላይ አንድ ዓይናቸውን በፋሻ የሸፈኑ ሰዎች በአንድ ዓይናቸው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ስሙን አየች፣ እሱን አየች፣ ከኋላውም አየች። «ዘመድ አብሮዎት አልመጣም?» አለችው። ይኼ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ክፉ ውጤት ለታማሚው አይነገርም። ዘመድ ወደ ኮሪደር ይጠራል፣ ዘመድ ፊቱን ጠርጎ ይመለሳል፣ «ትንሽ ቁስለት ናት አሉ» ይባላል፣ ታማሚውም ያመነ ይመስላል። እሱ ራሱ አባቱን «ጨጓራ ነው» ብሎ ሸኝቷል፤ በዕድሜው ከዋሸው ውሸት ትዝ የሚለው ያ ብቻ ነው። ልጅቷ የጠየቀችው ግን የዓይን ጠብታ ከተደረገለት ደረጃ የሚያወርደው ሰው ይኖር እንደሆነ ነው። ይህን ስታስረዳው አልሰማትም፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ አሥራ አንዱን ሰዓቶች ለማን እንደሚያወርስ ያስብ ነበር።

ሐኪሟ ልጁ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። «አባት፣ ምነው ተመልሰው መጡ? አሳመመዎት እንዴ?» አለችው።

«ዶክተር፣ አይደብቁኝ። ስንት ጊዜ ቀረኝ?»

«ለምኑ?»

«ለመሞቱ ነዋ!»

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ ተቀመጠችና ዓይኑን አስጨፈነችው፤ በጣቷ ጫፍ ቆቡን ቀስ አድርጋ ጫን አለችና ይግለጡ፣ ወደ አፍንጫዎ ይመልከቱ ብላ መስታወት ሰጠችው። ባቄላዋ ከወትሮው ወፍራ ብቅ ብላለች። «ይቺ ስብ ናት» አለች። «የሁላችንም ዓይን ከኋላው ስብ ላይ ነው የተደገፈው፣ ትራስ በሉት። ዕድሜ ሲገፋ፣ ሰውነትም ወፈር ሲል፣ ስቡን የያዘው ስስ ሽፋን ይላላና ትንሽ ወደ ፊት ሾልካ ከነጩ ሥር ትታያለች። ሌላ ነገር እንዳይሆን ብዬ ነው ፎቶ ያስነሳሁዎት፤ ፎቶው ጥርት ያለ ነው። ዕጢ የለም፣ ምንም የለም። ካስጠላዎት ቆርጠን እናወጣታለን፤ ካላስጠላዎት ትቀመጥ። አትገድልም፣ አታሳውርም።»

«ማሰሪያው ላልቶ ነው እንጂ ማሽኑ ደህና ነው በሉኛ!»

«ልክ እንደዚያ። እኔ ግን እኮ ለእህትዎ ማክሰኞ አንድ በአንድ አስረድቻታለሁ፤ አልነገረችዎትም?» ሐኪሟ መስታወቱን ተቀበለችውና ሳቅ አለች። «እንዴት ያለች ሴት ናት! ስቅስቅ ብላ አልቅሳ እዚሁ እንደቆምኩ አቀፈችኝ። ከወጣች በኋላ ደግሞ ከደረጃው ተመልሳ መጣች። ‹ይቺ ነገር ካልተቆረጠች እንዲሁ ስትታይ ትኖራለች?› አለችኝ። ለዓመታት ልትታይ ትችላለች አልኳት። ‹ተመስገን› ብላ ሄደች። እርስዎም መቆረጡን እንደማይፈልጉ ነግራኛለች።»

«እኔ? መች ጠይቃኝ ታውቅና!»

ደረጃውን በሁለት በሁለት ወረደው። መንገዱ ላይ ሲደርስ ለፀሐይዋ ሳቀላት። ትንሽ ሄደና ቆመ፤ ሌላ ትንሽ ሄደና እንደገና ቆመ። ደስታው አንድ አውቶቡስ ፌርማታ ያህል ነው የቆየው፤ ከዚያ ነገሩ ጭንቅላቱ ውስጥ መዞር ጀመረ። ደህና ነህ የሚለውን ቃል ሰምታ የደበቀች እህት! ሰው ክፉ ክፉውን ይደብቃል፤ ደጉን የሚደብቅ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? ደግሞ «ተመስገን» አለች! በሰው ዓይን ላይ የወጣ ነገር ለዓመታት ይታያል ሲባል ተመስገን! እናታቸው ስትሞት በእቅፉ ያሳደጋት፣ ትምህርት ቤት እጇን ይዞ የወሰዳት እሷን አይደል? አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጡት ሴትዮ «ሥጋ ዘመድ አይታመንም» አላቸው። ሴትየዋም የራሳቸው ነገር ኖሯቸው ነው መሰል እስከሚወርዱ ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ።

ሱቁ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች ጉድጓድ ናት፤ እሱ ተቀምጦ ይገባታል፣ ቆሞ አይገባትም። ከጎኑ ስልክ የምትጠግን ሴት አለች፤ አፏ ስለታም፣ እጇ ደግሞ ከአፏ የፈጠነ። ገና ከሩቅ ስታየው ከመቀመጫዋ ተነስታ ወንበሩን በጨርቅ ጠራረገችለት። ይኼም ካለፈው ረቡዕ የጀመረ ጠባይ ነው። አሁን ሁሉ ነገር ሲገለጥለት አንድ ሌላ ነገርም ገባው። ይኼ ሳምንት ገበያው የጉድ ነበር። ዓመት ሙሉ ተረስተው መሳቢያ ውስጥ የተኙ ሰዓቶች ሁሉ ባለቤት ተገኘላቸው። ከሦስት ዓመት በፊት ሰዓቱን ጥሎ የጠፋ አንድ ሰውዬ ሳይቀር ትናንት መጥቶ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ይማርዎት» ብሎ ወስዷል። እሱ ይማርዎት የተባለው ለጉንፋኑ መስሎት ነበር።

«ማን ነው ሊሞት ነው ያላችሁ?» አላት ገና ሳይቀመጥ።

ስልክ ጠጋኟ ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ መካድ እንደማያዋጣ አይታ ተናዘዘች። አማቹ ነው። ረቡዕ ዕለት ተማሪ እያስነዳ እዚህ ደጃፍ አስቁሞ፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ሰዓት ያላችሁ ቶሎ ቶሎ ውሰዱ፣ ጋሼን አታስጨንቋቸው፤ ለሳቸው ግን እንዳትነግሩ» ብሎ ነው የሄደው። ያውም በዚያ ድምፁ። ሕንፃው አምስት ፎቅ ነው፣ አምስተኛው ፎቅም ሰምቷል። ሰዓት ሠሪው የሆነውን ሁሉ ከቧንቧው ጀምሮ እስከ ተመስገን ድረስ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ስትስቅ ቆየችና ተመስገን ላይ ሲደርስ መሳቋን ተወች። የያዘችውን ስልክ አስቀምጣ ፊቱን አየችው።

«ጋሼ፣ እህትህ የምትጠላህ ሴት አትመስለኝም። እንደው ልለምንህ፣ ዛሬ ቤት ስትገባ ዝም በል። መጀመሪያ እሷን ለብቻዋ ጠይቃት።»

«ዝም? እኔ? ምን ሠርቼ ነው ዝም የምለው? ባሏ ፊት ነው የምጠይቃት! ያ ምስኪን ተታሎ ጫማዬን ሲወለውል ከርሟል። እሱስ አያሳዝንም?»

አዘነለት፣ የምሩን ነው። ቀኑን ሙሉ ማጉያ መስታወቱን በቀኝ ዓይኑ ይዞ አንዲት የሴት ሰዓት ሲፈታታ ዋለ። ከጤፍ የምታንስ መንኮራኩር አንድ ጥርሷ ጣመም ማለቷን በአንድ እይታ የሚለይ ሰው ነው፤ የእህቱ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጠው ውሎ አልከፈትለት አለ። ወይ አብዳለች፣ ወይ ሞቴን ፈልጋለች፤ ከሁለቱ አንዱ ነው አለ። የወሩ መጨረሻ ዘጠኝ ቀን እንደቀረው፣ ክፍሉም የማን ሊሆን እንደነበረ፣ እነዚህን ሁለት ነገሮች ከሌላው ጋር ማገጣጠም አልመጣለትም። ዓይኑ ደህና ስለሆነ ሁሉም ነገር ደህና የሆነ መስሎታል። አሥር ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋ። ለደስታው ሁለት ኪሎ ብርቱካን ገዛ፤ ሻጩ በምርጫ አይሸጥም ቢለውም እየመረጠ አስመዘነ። ስልክ ጠጋኟ ከኋላው «ጋሼ፣ ዝም በል ብዬሃለሁ!» ብላ ስትጮህ እጁን አወዛወዘላት።

እቤት ሲደርስ ባልና ሚስት ጠረጴዛ ላይ ቀርበዋል። ለእሱ ጀርባው ለስላሳ የሆነው ወንበር ተትቶለታል፤ የአማቹ ወንበር ነው፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም ሌላ ሰው ሲቀመጥበት አይቶ አያውቅም። ሾርባው ይጨሳል። ብርቱካኑን ጠረጴዛው መሀል ዘረገፈው፤ አንዷ ተንከባልላ ወደቀችና አማቹ ከሥር ገብቶ አነሳት። ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል። ሰዓት ሠሪው ለስላሳው ወንበር ላይ ተዝናንቶ ተቀመጠ፣ እህቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐኪሟ ጋ ሄጄ ነበር» አለ።

እህቱ ዳቦ እየቆረሰች ነበር። እጇ ቆመ። «የቷ ሐኪም?»

«የዓይኗ ነዋ! ስብ ነው። ተራ ስብ! ዕጢ የለ፣ ምን የለ። መቶ ዓመት ትኖራለህ ነው ያለችኝ።» መቶ ዓመት አላለችውም፤ ያን ከራሱ ነው የጨመረው፣ ከደስታ።

አማቹ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «እሰይ! እሰይ ጋሼ! እንኳን ደስ ያለዎት!» ብሎ አንገቱን አቅፎ ግራና ቀኝ ሳመው። ደስታው የልብ ነበር፣ ይኼን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ሰው እንደተቃቀፈ አይኖርም፤ መቀመጥ አለ። ተቀመጠ። ሾርባውን አንድ ሁለቴ ፉት አለ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጠና ወደ ሚስቱ ዞረ። ተማሪው ቀይ መብራት ጥሶ ሲያልፍ በሚጠይቅበት በዚያ ቀስ ባለ ድምፁ፣ «ታዲያ» አለ፣ «ማክሰኞ ዕለት አንቺ የተነገረሽ ምን ነበር?»

እህቱ ባሏን አላየችውም። ያየችው ወንድሟን ነው። ቁጣ አልነበረም፣ ልመናም አልነበረም። ተራራ ላይ ባልዲ ውኃ ተሸክማ ወጥታ ልታስቀምጥ ስትል ሰው የገፈተራት ሴት ፊት ነበር፤ ድካም ብቻ። ይኼኔ ነው የዚያች «ተመስገን» ትርጉም የገባው። ባቄላዋ ዓይኑ ላይ እስከታየች ድረስ ማንም ከዚህ ቤት ውጣ ሊለው አይችልም፤ የሚሞት ሰው አይባረር! አራት ቀን ሙሉ ባሏን ዋሽታ፣ የሱንም ልብ አስጨንቃ፣ ያቺን ሦስት በአራት ክፍል ይዛለት ነበር። እሱ ደግሞ በብርቱካን አጅቦ አምጥቶ አፈረሰባት። ከክፍሉ ይልቅ አሁን ያስጨነቀው እሷ ናት፤ እሱ ዕቃውን ጠቅልሎ ይወጣል፣ እሷ ግን ከዚህ ጥያቄ ጋር እዚሁ ታድራለች።

«እኔ እንግዲህ…» አለ። ቀጥ ያለ ምላሱ ሲጣመም ታወቀው። «እኔ እንግዲህ ለእኔ ያሉኝን ነው የምነግራችሁ። ስብ ነው አሉኝ። መቼም ለበሽተኛ… ለራሱ ለበሽተኛው ሌላ ምን ይሉታል?»

አማቹ እሱን አየው። ሚስቱን አየ። እህቱ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ተንሰቀሰቀች፤ ለምን እንደምታለቅስ ከወንድሟ በቀር ማንም አያውቅም፤ ባሏን ግን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገውም። ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ስብ!» አለ። «ስብ ነው ብላ ሸኘቻቸው!» ደግሞ ሰዓት ሠሪው ሰምቶት እንዳይሆን ደንግጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ማለትም መደበኛ አደረገው። «ልክ ነው ጋሼ፣ ስብ ነው፤ ስብ ምንም አይደል። ብርቱካን ልላጥልዎ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት! ሰዓት ሠሪው ብርቱካኑን ተቀብሎ በሆዱ «ተመስገን» አለ፤ አሁን ቃሏን እሱም ተዋሳት። አማቹ ግን ተነክቷል። ሰውን በቁሙ እንዲህ ሲያታልሉት አይቶ አንጀቱ ተላውሷል። ተነስቶ ሳሎኑን ተንጎራደደ፣ ቆመ፣ እጁን ሶፋው ላይ አሳረፈ። «ከእንግዲህማ ለብቻዎ አያድሩም» አለ። «እስከ ዛሬም ጥፋቱ የኔ ነው። እዚያ ጥግ፣ ግድግዳው ርጥብ፣ በሩ ለመንገድ የተከፈተ። አንድ ነገር ቢሆኑ ማን ይሰማዎታል?»

«ኧረ እኔ ክፍሌ ይሻለኛል…»

«አይሆንም! እዚሁ ሳሎን፣ ከኛ በር አጠገብ።»

እህቱ ዕንባዋን ሳትጠርግ «እዚያው ይሻለዋል፣ ለምዶታል፣ ሰዓቶቹም አሉ» አለች። አማቹ ዞረባት። «ምን ነካሽ አንቺ ሰው? ወንድምሽ እኮ ነው!»

ክፋት አልነበረበትም፤ መከራውም ያ ነው። ክፉ ቢሆን ይከራከሩት ነበር። የሸሚዙን እጅጌ ጠቅልሎ አልጋውን ብቻውን ፈታ፣ ብቻውን ተሸከመ፣ በሽተኛው አንድ ጫፍ ልያዝ ቢል ተቆጣው። አሥራ አንዱን ሰዓቶች እንደ ሕፃን ልጅ አንድ በአንድ አቅፎ አምጥቶ ከመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ጀርባ ደረደራቸው፤ ሳሎን ውስጥ ቢሰቀሉ እንቅልፍ ይነሱዎታል አለ። የመንገዱን በር ቁልፍ ጠይቆ ተቀበለ። በመጨረሻ ላቡን እየጠረገ ብቅ ብሎ፣ «ክፍሉ ያው ባዶውን ከሚውል፣ ለጊዜው፣ እስኪሻልዎት ድረስ፣ አንድ ሁለት ተማሪ ባስቀምጥበት ቅር ይልዎታል?» አለ። ቅር አይለኝም ተባለ። ሌላ ምን ይባላል?

ወንድምና እህት ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀሩ። በመሀላቸው የብርቱካን ልጣጭ የሞላ ሰሃን አለ።

«ምን ነበር አንድ ቀን ዝም ብትል፣ ጋሼ?» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«አንቺስ ምን ነበር ብትነግሪኝ?»

«ብነግርህ ዝም ትላለህ?»

በግድግዳው ማዶ ከጎረቤት የተዋሱ ወንበሮች መሬቱን እየፋቁ ይገባሉ፤ አማቹ በእርምጃ እየለካ ይቆጥራል፤ ሦስት በአራት፣ አሥራ ሁለት ተማሪ ይይዛል። ድንገት ጉተታው ቆመና ከማዶ ድምፁ መጣ፤ ዝቅ ብሎ፣ በርኅራኄ።

«ጋሼ! ጫጫታው አይረብሽዎትም አይደል?»

«ኧረ አይረብሸኝም» አለ ሰዓት ሠሪው። «ሥራህን ሥራ።»